በሞላሌ መንገድ ላይ በአንድ እግሩ የቆመው አለቃዬ

አንባቢዎቼ፣ ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ኮምፒውተር» የሚል ቃል ስታዩ ገጹን አትዝለሉብኝ። በዚህ ገጠመኝ ውስጥ በግ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ሽምግልና አለ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ አለቃም አለ። ኮምፒውተሯ ከጸሎት መጽሐፍ የማትበልጥ ሣጥን ስለሆነች ብዙም አታስቸግራችሁም።

ስሜ ሰናይት ነው። ያኔ አዲስ አበባ ተምሬ፣ እዚያው ሥራ ይዤ፣ ከዚያ ደግሞ መንዝ ውስጥ ወዳለችው የትውልድ ከተማዬ ሞላሌ ተመልሼ ኮፒ ቤት የከፈትኩ ሴት ነበርኩ። ዘመዶቼ «ያን ሁሉ ተምራ ወረቀት ታባዛለች» እያሉ ያዝኑልኝ ነበር። እኔም አላረምኳቸውም። የሚያዝን ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዱ እንቁላል ሌላው የገብስ ቆሎ ይዞልኝ ይመጣል።

የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በግ ሻጭንና በግ ገዢን በስልክ የሚያገናኝ ድርጅት ነበር። ገበሬው «ሙክት ሁለት ሞላሌ» ብሎ መልእክት ይልካል። በሌላ በኩል የሆቴሉና የሥጋ ነጋዴው ኮምፒውተሮች የድርጅቱን ኮምፒውተር «ዋጋ»፣ «አለ»፣ «ያዝልኝ» በሚሉ ስሞች እየጠሩ ይጠይቁታል። እነዚህን መጠሪያ ስሞችና የአጠራር ደንባቸውን ነው እኛ የሙያው ሰዎች ኤፒአይ የምንለው። በር እንደ ማንኳኳት ነው። ማን እንደሚከፍትና ጓዳው ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያንኳኳውን ሰው አያገባውም።

ድርጅቱን ያቋቋመው አለቃዬ ኤርምያስ ይባላል። የእኛው አገር ሰው ነው፤ ዘመሮ ተወልዶ፣ ልጅ ሳለ አዲስ አበባ የገባ። ስሞቹን አንድ በአንድ የመረጣቸው እሱ ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ የደንበኞች ፕሮግራመሮች «ይሄ ስም ለምን አልሠራልንም?» ብለው ሲደውሉ ማስረዳት ነበር። የውስጡን ኮድ አንዲት መስመር እንኳ አሳይቶኝ አያውቅም። ስጠይቀው «አንቺ የበሩ ነሽ፤ ጓዳው ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። ይህችን አባባሉን ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

አንድ ቀን ድርጅቱ «የደጋው ገበያ አያዋጣም» ብሎ መንዝን ዘጋ። እግረ መንገዱን እኔንም ዘጋኝ። ሞላሌ ስመለስ ገበሬው አሁንም «ሙክት ሁለት» እያለ ለማይመልስ ቁጥር ይልካል። አባቴ ራሱ ይልክና መልስ ሲያጣ ስልኩን በመዳፉ ይመታዋል፤ ራዲዮ ይመስል።

እሱን አይቼ አላስችል አለኝ። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን ከባዶ ጻፍኩት። ውስጡ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፤ ስሞቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው። የገበሬው ጣት የለመደው እነሱን ነው፣ የነጋዴዎቹም ፕሮግራም የተጻፈው በእነሱ ነው። ገበሬው የሚልክበትን ቁጥር፣ ነጋዴዎቹ አድራሻውን ወደ እኔ ቀየሩ እንጂ ሌላ ምንም አልነኩም። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ስም ብቻ ነው፤ «መንገድ» ይባላል። በበልግ ዝናብ የጭነት መኪና እስከ ሞላሌ መውጣት ይችል እንደሆነ የሚጠየቅበት ነው። መልሱን እኔ ከሾፌሮች እየሰማሁ እሞላዋለሁ። ነጋዴዎቹ በጣም ስለወደዱት ፕሮግራሞቻቸው «መንገድ» መልስ ካልሰጣቸው መኪና የማይልኩ ሆኑ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኮፒ ቤቴ ጥግ በተቀመጠችው ትንሽ ሣጥንና ሲም በገባበት ሞደም ነበር።

ኤርምያስ የመጣው በፋሲካ ገበያ ዋዜማ ጠዋት ነው። ነጋዴዎቹ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ይጠይቃሉ፤ መልስ ካገኙ መኪኖቻቸው ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፣ ካላገኙ ይቀራሉ። መኪና ከቀረ ገበሬው ጾሙን ሙሉ የቀለበውን ሙክት ወይ ለደላላ በሚለው ዋጋ ይሰጠዋል፣ ወይ ወደ ቤቱ መልሶ ይነዳዋል። ከእነዚያ ሙክቶች መሀል የአባቴም ነበሩበት። ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሊቀይርባቸው አስቦ፣ ቆርቆሮውን እንኳ ዓይኑ መርጦ ጨርሷል።

ኤርምያስ ስስ ጃኬት ለብሶ፣ ንጹሕ ጫማ አድርጎ ገባ። አፍንጫው በርበሬ መስሏል።

«ሰናይት፣ እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኮፒ ነው ፕሪንት?»

«ለኮፒ አልመጣሁም። ኮፒ ስላደረግሽ ነው የመጣሁት።»

«ተራህን ጠብቅ እንግዲያው፤ እሳቸው ይቀድሙሃል» አልኩትና መታወቂያ ሊያባዙ የመጡትን ሽማግሌ አስቀደምኩ። ጋሽ ፈለቀ ናቸው፤ ሞላሌ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉም ወሰን ሲገፋም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የመታወቂያቸውን ኮፒ አይተው «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ፣ አለመሆኑን እንድነግራቸው የፈለጉ ይመስል።

«አንዴ ደግመሽ አንሺኝ፤ ጠቁሬያለሁ።»

እያባዛሁ ከኤርምያስ ጋር ሙግት ጀመርን።

«ድርጅቱን ልሸጠው ነው» አለኝ። «ገዢው ‹እነዚህ ስሞች የእናንተ ብቻ ናቸው?› ሲለኝ በሙሉ አፌ አዎ አልኩት። ከዚያ ቢሞክረው አንድ የሞላሌ ኮፒ ቤት መለሰለት! ምን ያህል እንዳፈርኩ ታውቂያለሽ?»

«በደንብ መለሰለት? ፈጥኖ?»

«ሰናይት! ዛሬ ታጠፊዋለሽ። አለዚያ ፍርድ ቤት ነው።»

«ኮድህን አይቼው አላውቅም።»

«ስሞቹን ወስደሻል!»

«የቅጂ መብት ሕጉ ፕሮግራም ይጠብቃል፤ ሐሳብና የአሠራር ዘዴ አይጠብቅም።»

«ስም ሐሳብ ነው?»

«ስም በር ነው። ‹አንቺ የበሩ ነሽ› ብለኸኝ የለ? ይኸው በሬን ይዤ መጣሁ።»

ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ ጣቱን አነሣ። «ውጭ አገር ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ተካሰዋል።»

«ማን ረታ?»

«…የወሰደው።»

«ታዲያ!»

«ቆይ! ዳኞቹ ‹ስሞቹ የማንም አይደሉም› አላሉም እኮ። ‹ቢጠበቁም እንኳ ይሄኛው አጠቃቀም ፍትሐዊ ነው› ብለው ነው ያለፉት። ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል።»

«እኛም እንዝለለዋ፤ ነገ ገበያ ነው።»

ጋሽ ፈለቀ ዓይናቸውን ከመታወቂያቸው ሳያነሡ ሳቁ። የኤርምያስን ትዕግሥት የጨረሰው ይህ ሳቅ ይመስለኛል። እኔ ለሁለተኛው ኮፒ ጀርባዬን ስሰጥ ሶኬቱ ሲነቀል ሰማሁ። ዞር ስል ሣጥኗን ከነሞደሟ ታቅፎ በሩን ወጥቷል።

«ማስረጃ ናት! ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ!» ይላል እየሄደ።

በነጠላ ጫማ ተከትዬው ወጣሁ። መኪናውን ከመንገዱ ማዶ አቁሟታል። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። እሱ ረጅም ነው፣ እኔ አጭር ነኝ፤ ሮጬ አልደርስበትም። መኪናው ውስጥ ከገባ ደግሞ የዓመቱ ገበያ አብሮት መሄዱ ነው። በሕይወቴ እንዲያ ደንግጬ አላውቅም። አፌ ግን ከእኔ ቀደመ።

«ኤርምያስ! በሕግ አምላክ!»

የከተማ ልጆች ላትሰሙት ስለምትችሉ ላስረዳ። በእኛ አገር «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ይቆማል። ጠሪው ሕፃንም ይሁን ባላጋራ፣ የተጠራው ሰው ጉዳዩ በዳኛ ፊት ሳይታይ እግሩን አያነሣም። ድሮ መንገደኛ እንኳ ሳይቀር ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር ይባላል። ዛሬ ፖሊስም ፍርድ ቤትም ስላለ ቃሏ እንደ ድሮው አትሠራም እያልን እንቀልዳለን።

ኤርምያስ ቆመ። አንድ እግሩ መሬት ላይ፣ ሌላው አየር ላይ እንዳለ፣ ከአንድ የጭቃ ኩሬ በላይ ደረቀ። መንገዱም አብሮ ቆመ። የባጃጁ ሾፌር ፍሬን ያዘ። ግድግዳ ተደግፈው ጠላ የሚጠጡት ሰዎች ጣሳቸውን አወረዱ። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፤ ግማሽ ራሱን የተቆረጠ ደንበኛውም ከኋላው ብቅ አለ። በጎቹ ብቻ ሕግ ስለማያውቁ ዝም ብለው አለፉ።

ሣጥኗም እንደ በጎቹ ሕግ አታውቅም ነበር። ሰውዬው ሲቆም እሷ አልቆመችም፤ ከክንዱ ሾልካ ኩሬው ውስጥ ገባች።

ጋሽ ፈለቀ ሁለቱን ኮፒዎቻቸውን ኪሳቸው ከተው ቀስ ብለው መጡ። «የጠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የቆመውስ?»

«እኔ ነኝ» አለ ኤርምያስ፣ አሁንም በአንድ እግሩ እየተወዛወዘ።

«እግርህን አውርድ ልጄ። ቁም ተባልክ እንጂ ስቀል አልተባልክም።»

ሰው ሳቀ። ኤርምያስ እግሩን አወረደ፤ የሚያወርድበት ቦታ ኩሬው ብቻ ስለነበረ ንጹሑ ጫማው አለቀለት። እኔ ሣጥኗን ከጭቃው አወጣሁና በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኳት።

ሸንጎው እዚያው በኮፒ ቤቴ በረንዳ ላይ ሆነ። ኤርምያስ ሲንቀጠቀጥ አይተው ጋሽ ፈለቀ የራሳቸውን ባና አውልቀው ደረቡለት። በዚያ ወፍራም የበግ ጠጉር ውስጥ ሲጠቀለል የአዲስ አበባው ሥራ አስኪያጅ ጠፋና የዘመሮ ሰው ቁጭ አለ።

«በመጀመሪያ ዋስ ጥራ» አሉት።

ኤርምያስ ዙሪያውን አየ። ሞላሌ ውስጥ የሚያውቀው ሰው የለም። «ሰናይትን» አለ በመጨረሻ።

«ከሳሽህን?»

«ሌላ ሰው አላውቅም።»

«እሺ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ። «ከጠፋ እኔን ያዙኝ።»

ጋሽ ፈለቀ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሙግት ዳኝቼ አላውቅም። በሉ እንጂ፣ አንተ ተናገር።»

ኤርምያስ ተናገረ፤ እውነቱን ለመናገር በደንብ ተናገረ። ክረምቱን ሙሉ በተከራያት ክፍል ተቀምጦ ስሞቹን ሲመርጥ እንደከረመ፣ የቱ ስም መቅደም እንዳለበት ስንቴ አፍርሶ እንደሠራ ተረከ። «ስም ማውጣት ቀላል ከሆነ እሷ ለምን የራሷን አላወጣችም?» ሲል ጠላ ከሚጠጡት አንዱ «እውነቱን ነው» አለ። የኤርምያስ ድካም እውነት ነበር፤ ብዙ ሌሊት አብሬው አምሽቼ አይቼዋለሁ።

«አንቺስ?» አሉኝ ጋሽ ፈለቀ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቀው።» ወደ እሱ ዞርኩ። «ቅድም ለምን ቆምክ?»

«ጠራሽኝ ቆምኩ።»

«ፖሊስ ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«ልትመታኝ፣ ጥለኸኝ ልትሄድ ትችል ነበር። ማን አቆመህ?»

«ቃሉ ነዋ።»

«ቃሉ የእኔ ነው?»

ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። «ሁላችሁም ቆማችሁ አይደል? ባጃጁ በፍሬን ቆመ፣ እናንተ ጣሳችሁን አወረዳችሁ፣ እሱ እግሩን ሰቀለ። ቃሉ አንድ ነው፣ አቋቋሙ የየራሳችሁ ነው። እኔም የወሰድኩት መጥሪያውን ነው። ሲጠሩኝ እንዴት እንደምቆም ግን ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

የፀጉር ቆራጩ ደንበኛ በግማሽ ፀጉሩ አጨበጨበ። ኤርምያስ ግን እንዲሁ የሚረታ ሰው አይደለም።

«‹በሕግ አምላክ› የሁሉም ነው፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። የእኔን ግን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ይኸው አለሁ!»

«ያንንም የሆነ ሰው ጀምሮታል» አሉ ጋሽ ፈለቀ። «ሰውየው ሞተ፣ ቃሉ ቀረ።»

«እኔ ገና አልሞትኩማ!»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ፈለቀም ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ልጆቼ፣ የስሙን ጉዳይ እኔ አልፈርድም። ኮምፒውተር አላውቅም፣ የሚያውቁትም ዘለውታል ስትሉ ሰምቻለሁ። እኔ የምፈርደው የሚገባኝን ነው። ከሰው ቤት ዕቃ በጉልበት አይወጣም። ሣጥኗ ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ ገበያው ይለፍ፣ ከዚያ ወዲያ ብትካሰሱም ብትታረቁም የእናንተ ነው።»

«እሺ» አለ ኤርምያስ። እኔም ከደስታዬ ብዛት ልስማቸው ተነሣሁ። ገብተን ሶኬቱን ሰካሁ።

ሣጥኗ አልበራችም።

ነቀልኩ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ሰካሁ። ከፈትኳት፤ ውስጧ ጭቃ ነው። ሰዓቱ ከቀትር አልፏል፤ የነጋዴዎቹ ፕሮግራሞች ትንሽ ቆይተው መጥራት ይጀምራሉ። ስቄ፣ ቀልጄ፣ ሸንጎ ረትቼ፣ ያቋቋምኩትን ገበያ በራሴ አፍ ኩሬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

በዚህ መሀል አባቴ ስልኩን ይዞ ገባ። «ሰኒ፣ ሙክቶቹን ልኬ ነበር። መልስ አልመጣልኝም» አለና ስልኩን በመዳፉ መታው። ማልቀሴን ሲያይ ደነገጠ። «ምን ሆነሻል? የሞተ አለ?»

ኤርምያስ አባቴን አየው፣ ስልኩን አየው። እስከዚያ ቀን ድረስ «የደጋው ገበያ» ለእሱ በስክሪን ላይ ያለ ቀጭን መስመር ነበር። ባናውን ሰብሰብ አድርጎ ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ።

«አድራሻሽን ወደ እኔ ማሽን አዙሪው» አለኝ።

«ምን?»

«አዲስ አበባ ያለው አሮጌው ማሽን አልፈረሰም። መንዝን ዘጋሁት እንጂ አላጠፋሁትም። ስሞቹ አንድ አይደሉ? ነጋዴዎቹ መለወጡንም አያውቁም።»

እንባዬን ጠርጌ ተነሣሁ። አድራሻዬን ወደ እሱ ማሽን አዞርኩት። ሲሙን ከጭቃው ሞደም አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ከተትኩ፤ የገበሬውም መልእክት ከስልኬ ወደ እሱ ማሽን መተላለፍ ጀመረ። ላፕቶፔ ላይ የነበረኝን የጠዋት ምዝገባ ቅጂ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ነጋዴ ጠየቀ፤ «ዋጋ»፦ ተመለሰለት። «አለ»፦ ተመለሰለት። ከዚያ «መንገድ» አለ።

የኤርምያስ ማሽን ዝም አለ። እንዲህ የሚባል ስም አያውቅማ። ሁለተኛው ነጋዴ ጠራ፣ «መንገድ»። ዝም።

ኤርምያስ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። የፈለገው ስሙን እንዳለ ወስዶ ማሽኑ ላይ መጻፍ ነው። ሌላ ስም ቢጽፍ ማንም አይጠራውም። እሱም ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ደጃፉ ላይ የቆሙት ጋሽ ፈለቀም ከፊታችን አንብበውታል።

«ሰናይት…» አለ።

«እሱ የእኔ ነው» አልኩ እጄን አጣጥፌ። «ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

«ሰናይት፣ መኪናዎቹ!»

«ጠበቃዬን ላማክር።»

አንባቢዎቼ፣ የአባቴ ጣሪያ እያለ ይህን ማለቴ ክፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ዕድል በሰው ዕድሜ ስንት ጊዜ ይመጣል? ጋሽ ፈለቀ በባናው ላይ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና «ጻፍ ልጄ፣ ጻፍ» አሉት። «እኔ ዋስህ ነኝ።»

ጻፈ። «መንገድ» መለሰ፦ ጭቃ አለው፣ ግን ይወጣል።

በማግሥቱ መኪኖቹ ሞላሌ ገቡ። የአባቴ ሙክቶች ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተጫኑ። ኤርምያስ በባናው እንደተጠቀለለ በጎቹ መሀል ሲዞር ዋለ፤ አንዷ ሴትዮ ደላላ መስሏቸው ተቆጥተው አባረሩት።

እኔን የለወጠኝ ነገር ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የምኮራው በራሴ ኮድ ነበር። የጓዳዬ ሥራ ነዋ። በዚያ ቀን ጓዳዬ በጭቃ ተሞልቶ፣ ገበያውን ያዳነው በሁለታችንም ቤት አንድ የነበረው በር ሆነ። ኤርምያስ በስሞቹ ላይ አጥር አጥሮ፣ እኔም ሌላ ስም አውጥቼ ቢሆን ኖሮ የእሱም ማሽን ባልረዳኝ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምሠራውን ሁሉ ስሞቹንና ደንቡን ጽፌ ለፈለገ ሁሉ እሰጣለሁ። ጓዳዬን ግን አላሳይም፤ ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። ድካሙን ለደከመበት ሰው እንዴት እንክፈለው ለሚለው ግን መልስ የለኝም፤ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ኤርምያስ አልከሰሰኝም። ለገዢው «አንዱ ማሽን ቢወድቅ ሌላው በዚያው ስም ይመልሳል» ብሎ ያችኑ ነውር ሙያ አድርጎ ሸጠለት። መንዝም ተከፈተ። ባናውን ግን እስከ ዛሬ ለጋሽ ፈለቀ አልመለሰም።

በቀደም ደወለልኝ። የመኪና ጥሩምባ ከኋላው ይሰማል።

«‹መንገድ›ን እኮ አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው። መቼ ነው የምትከሺኝ?»

«ፍርድ ቤት ምን ያስኬደኛል?» አልኩት። «እዚሁ ስልኩ ላይ ‹በሕግ አምላክ› እልሃለሁ።»

«አንቺ! ተይ! ቆይ!» ብሎ ጮኸ። «አስፋልት እየተሻገርኩ ነው!»